ወንዝ ዳር የቀረው የሙሽራ ጫማ

ሠርጌ አንድ ቀን ሲቀረው ሙሽራው ጠፋ። ጠፋ የምለው ለወግ ማሳመሪያ አይደለም፤ ስልኩ ዝግ፣ ቤቱ ዝግ፣ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ገጠመኜን ለጓደኞቼ ስተርክላቸው ገና ከመጀመሪያው መሳቅ ይጀምራሉ፤ መጨረሻውን ስለሚያውቁት ነው። እናንተ መጨረሻውን አታውቁትም። እኔም ያን ዕለት አላውቀውም ነበር። ስለዚህ ሳቁን ለኋላ አቆዩትና እኔ እንደፈራሁት ፍሩልኝ።

ያን ጊዜ ዲላ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩትም እዚያው ዲላ ነው፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ የቀረ ሰው ነበር። ባሕርዬን ከጠየቃችሁ ቸኩዬ የምናገር፣ ቸኩዬ የምቆጣ፣ ቸኩዬም ይቅር የምል ነኝ። ድንገተኛ ክፍል የሚውል ሰው ዝግ ብሎ ማሰብ አይለምድም። አንድ ክፉ ነገር ግን ይለምዳል፦ ሰው ሲዘገይበት ሌላው ሰው "መንገድ ተዘጋግቶ ይሆናል" ሲል፣ እሱ የተሰበረ አጥንት ይታየዋል። በዝናብ ወራት ከሞተር ብስክሌት የወደቀ ሰው ሳንቀበል የምንውልበት ቀን አልነበረም።

ላገባው የነበረው ሰው ታሪኩ ይባላል። የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ይርጋ ጨፌ አጠገብ ባለው በኮንጋ፣ ቡናና እንሰት መሃል አድጎ፣ ዲላ ተምሮ፣ ዲላ የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። "ዝም አይነቅዝም" የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስለኛል። ጋብቻውን እንኳ የጠየቀኝ ከባጃጅ ወርዶ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ አንገቱን በማስገባት ነው። "ሽማግሌ ልላክ?" አለኝና መልሴን ሳይሰማ ሄደ። ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ዞሮ አየኝና "እሺ በይው እንጂ" አለኝ። እሺ አልኩ፤ የሰማኝ ግን ሹፌሩ ብቻ ነበር።

መጋቢ ኤልያስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ፣ ወጣት ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ አንድ አዲስ ነገር ጀምሮ ነበር። ሙሽሮች መጋቢው እያስባለ ከሚደግሙት የተለመደ ቃል ኪዳን ሌላ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አፍ የራሳቸውን ቃል ጽፈው በጉባኤው ፊት እንዲያነቡ ያደርጋል። "ሌላ ሰው የጻፈላችሁን ብቻ ደግማችሁ አትጋቡ" አለን። ሁለት ነገር አዘዘን፦ አንዳችን ለሌላው እንዳናሳይ፣ ደግሞም ከሠርጉ በፊት ባለው ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ መጥተን በየተራ ለእሱ እንድናነብለት።

እኔ በአንድ የምሳ እረፍት ጽፌ ጨረስኩ። ወረቀት ላይ ጎበዝ ነኝ። አንድ ገጽ ተኩል ሞላሁት፤ ጥቅሱም፣ ምሳሌውም ነበረበት። ከሁሉ የምወደው መዝጊያውን ነበር፦ "የትም ብትሄድ እከተልሃለሁ፤ ከአንተ ጋር እስካለሁ ድረስ ምንም ነገር አልፈራም።" የሥራ ባልደረቦቼ አንብበው አለቀሱ። እኔም ራሴን አደንቅ ነበር።

ታሪኩ ግን ቃሉን መጻፍ አቃተው። ሳምንታት አለፉ። በተገናኘን ቁጥር "ጻፍክ?" እለዋለሁ፤ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን "አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍና በአሥር አባዛው፤ የሒሳብ አስተማሪ አይደለህም?" ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። እጁን አየና "ብፈራስ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ቃሉን።"

ከዚያ በላይ አላብራራም። እኔም ደንግጬ አልጠየቅኩትም። የምጠይቀውን ስለምፈራ ዝም ያልኩበት ጊዜ በሕይወቴ ብዙ አይደለም፤ ያ ግን አንዱ ነበር።

ስለ አስተዳደጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እሱ ልጅ ሳለ አባቱ ስለሞቱ ያሳደጉት የአባቱ ታላቅ ወንድም አባባ ሮባ ናቸው። አባባ ሮባ ኮንጋ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ከሚያዩባቸው፣ የተጣላ ከሚያስታርቁባቸው ቦታዎች በአንዱ የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ቦታውን ሶንጎ ይሉታል። እኛ ከተሜዎቹ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" ብለን እንተርታለን እንጂ ቃላችንን ስናጥፍ እንውላለን። ታሪኩ ግን እዚያ ቦታ ቃሉን ያጠፈ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲቆም እያየ አድጓል።

ዓርብ ጠዋት ቤታችን በዘመድ ሞልቶ ነበር። ፀጉሬን በቢጎዲን ጠቅልለውልኝ ሻሽ አስረውልኛል። ሚያዝያ ስለነበር ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቶ ነበር። ታሪኩ ደወለ። ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ፣ ኮንጋ ደርሶ እንደሚመለስ፣ ከስምንት ሰዓት በፊትም ቤተ ክርስቲያን እንደሚገኝ ነገረኝ። ዛሬ ምን ሊያደርግ እንደሚሄድ ጠየቅኩት። መልሱ ተቆራረጠብኝ። መልሼ ስደውል ያቺ "ሊያገኙ አልቻሉም" የምትለዋ ሴትዮ አነሳችው። ያን ቀን ከእሷ ጋር ብዙ አወራን።

ስምንት ሰዓት ላይ ከሚዜው ከተመስገን ጋር ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ተመስገን የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ሲያወራ የማይደክመው፣ የታሪኩ ተቃራኒ። ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ደጅ ደጁን ያያል። ዝናቡ ጀመረ። ዲላ ውስጥ ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲዘንብ ሰማዩ እንዳለ የሚወርድ ይመስላል። መጋቢ ኤልያስ ሻይ አስመጣልን። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

"በምንድን ነው የሄደው?" አልኩት ተመስገንን።

"በሞተር።"

"በማን ሞተር?"

"በኔ።"

ያን ሞተር አውቀዋለሁ፤ የኋላ ፍሬኑ እንደማይዝ ተመስገን ራሱ እንደ ጀብዱ ሲያወራው ሰምቻለሁ። ምን ብዬ እንደተናገርኩት አላስታውስም፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

መጋቢ ኤልያስ ተመስገንን አስወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ለማጽናናት ፈልጎ እንደነበር አውቃለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንድ ሰው ቀኑ ሲደርስ እንደሚጨንቀው፣ ታሪኩ ባለፈው ሳምንት ለብቻው መጥቶ "ይህን ቃል መሸከም ባልችልስ" ብሎ እንደጠየቀው፣ ምናልባት ትንሽ ጊዜ ፈልጎ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። "ብፈራስ?" ያለው ትዝ አለኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ፍርሃት ነበረኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሆኑ። ወይ ሞቷል፣ ወይ ትቶኛል። የነገው ድግስ፣ የተጠራው ሰው፣ የእናቴ ፊት በዓይኔ ላይ ተደረደሩ። ሁለቱ ፍርሃቶች ደግሞ አብረው አይቀመጡም። ስለ አደጋው ሳስብ እንባዬ ይመጣል፤ ስለ መሸሹ ሳስብ እንባዬ ደርቆ ንዴት ይተካል። ሰው እንዲህ እየሆነ እብድ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ቤት ተመልሼ ልፈልገው እንደምሄድ ስናገር እናቴ በር ላይ ቆመች። ሙሽራ በዋዜማዋ ከቤት አትወጣም፣ ወንዶቹ ይሂዱ፣ ሰው ምን ይላል አለችኝ። አክስቶቼ ከኋላዋ ያንሾካሽካሉ፤ "ሸሽቶ ነው" የሚለውን ሰማሁት። "እማዬ፣ ወድቆ ከሆነ ደሙን ማቆም የምችለው እኔ ነኝ" አልኳት። እናቴ የዝናብ ካፖርቷን አውልቃ በትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

ከተመስገን ጋር ወደ ይርጋ ጨፌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። መስኮቱ በእስትንፋስ ታፍኖ ውጭው አይታይም። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ይጫወታሉ። አንደኛው፣ ጠዋት ወደ ኮንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጎልማሳ በሞተር ተገልብጦ ሆስፒታል መወሰዱን ሲናገር ሰማሁ። የተመስገንን ክንድ ያዝኩት። የወደቀው ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደለበሰ ሰውየውን ጠየቅኩት። አላየሁም፣ ሲወራ ነው የሰማሁት አለኝ። ከዚያ እስከ ይርጋ ጨፌ ያለው መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስኩ። በሕይወቴ ሙሉ ከበሩ ወዲያ ማዶ ነበርኩ፤ የሚሮጡትን፣ የሚጮኹትን "ተረጋጉ" የምለው እኔ ነበርኩ። አሁን አንዲት ነርስ እኔን እንዲሁ አለችኝ። ከሞተር ስለወደቀው ሰው ጠየቅኳት። ድምጿን ዝቅ አደረገች። እኛ ነርሶች ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው ለምን እንደሆነ ስለማውቅ ግድግዳውን ያዝኩ።

"አንቺ ምኑ ነሽ?" አለችኝ።

እኔ ራሴ ይህን ጥያቄ ስንቱን ሰው ጠይቄያለሁ። ሚስቱ ልላት አልችልም። እኅቱ አይደለሁም። እጮኛ የሚለው ቃል ደግሞ በዚያ ሰዓት ቀለለብኝ።

"ነገ ሚስቱ ነኝ" አልኳት።

ሻሼን፣ ከሻሹ ሥር የወጣውን ቢጎዲን፣ በጭቃ የተለወሰውን ጫማዬን አየችና እጄን ይዛ አስገባችኝ። አልጋው ላይ እግሩ የታሰረ ልጅ እግር ሰው ተኝቷል። ታሪኩ አልነበረም። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ እናቱ አጠገቡ ናቸው። ለደቂቃ ደስ አለኝ፤ ወዲያው በእናቱ ፊት በደስታዬ አፈርኩ። የልጁን ግንባር ዳሰስኩና ወጣሁ።

ኮንጋ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ አባባ ሮባ መንደር የሚወስደው የእግር መንገድ ቀይ ጭቃ ሆኖ፣ በግራና በቀኝ በቡናና በእንሰት ታጥሮ ቁልቁል ይወርዳል። ተመስገን ከፊት ከፊት እየተንሸራተተ ይሄድ ነበር። ድንገት ቆመ። ከመንገዱ ዳር፣ እንሰቶቹ መሃል፣ ሞተሩ በጎኑ ተኝቷል። መሪው ተጣሞ ነበር።

"ያንተ ነው?"

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። መናገር ያቃተው በዚያ ቀን ብቻ ነው።

የዛፍ ሥር፣ የእንሰት ሥር፣ እያንዳንዷን ጉድጓድ አየን። ደም ፈለግኩ። ደም መፈለግ ሥራዬ ነው፤ ያን ዕለት ግን እንዳላገኘው እየለመንኩ ፈለግኩት። አልነበረም። "ታሪኩ" ብለን ተጣራን። ከታች ወንዙ ብቻ ነው የሚሰማው። ደረቁ ወራት ላይ ልጆች ዘለው የሚሻገሩት ወንዝ ነው አሉ፤ አሁን ግን ቡናማ ሆኖ ሞልቶ ቅርንጫፍ እየገፋ ይወርዳል። መሻገሪያው ላይ ስንደርስ መሻገሪያ የለም። ተጋድሞ የነበረውን ግንድ ጎርፉ ወስዶታል፤ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ቀርቷል።

ከዚያ በእኛ በኩል፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ጫማዎቹን አየሁ።

አዲስ ጥቁር ጫማዎች። የሠርጉ ጫማዎች ናቸው። አብረን ነው የገዛናቸው፤ እንዳይቆነጥጡት ከሠርጉ በፊት ጥቂት ቀን እያደረገ እንዲያላምዳቸው የመከርኩት እኔ ነኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ካልሲዎቹ ውስጣቸው ተጠቅልለዋል።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። አልጮህኩም። ሰው እንዲህ ሲሆን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አይቻለሁ፤ የማይጮኹትን ነው የምንፈራላቸው። ጫማዎቹን አንስቼ ደረቴ ላይ አቀፍኳቸው። ሚኒባስ ውስጥ ሳለሁ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከመሸሹ መውደቁ ይሻለኛል ያልኩበት ደቂቃ ነበረ። ቢያንስ አላፍርም ብዬ። እዚያ ወንዝ ዳር ግን ያ ሁሉ እፍረት፣ ድግሱ፣ የሰው አፍ፣ አንዱም አልታየኝም። "ጌታ ሆይ፣ ይተወኝ" ብዬ ጸለይኩ። "ትቶኝ ይሂድ፤ የፈለጋትን ያግባ፤ ብቻ ይኑር።"

ተመስገን አጎንብሶ መሬቱን ሲያይ ቆየ። ከጫማዎቹ አጠገብ የወደቀ የእንሰት ቅጠል አነሳ። አራቱም ማዕዘን ላይ ጠጠር ተጭኖበት የነበረ ቅጠል ነው፤ ነፋስ ወይም ዝናብ ገልብጦታል።

"ይህ ሰው ጫማው ዝናብ እንዳይመታው ሸፍኖታል" አለ ቀስ ብሎ። "ሊሞት የሚሄድ ሰው ጫማ አይሸፍንም።"

ሊሞት ባይሄድም ውሃው ሊወስደው ይችላል ልለው ስል ከወንዙ ማዶ አንዲት ሣር የተሸከሙ ሴትዮ ብቅ አሉ። ተመስገን እየጮኸ ጠየቃቸው። እሳቸውም እየጮኹ መለሱ። ግንዱን ውሃ የወሰደው አሁን ከሰዓት በኋላ ነው አሉ። ልጁ ጠዋት በባዶ እግሩ ተሻግሯል። አሁን ያለው ሶንጎ ነው፤ ሽማግሌዎች ይዘውታል፣ ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቁትም።

"ምን አድርጎ?" አልኩ።

"እኔ አላውቅም። ነገር አለበት" አሉና ከላይ በኩል ያለውን ሌላ መሻገሪያ በእጃቸው አሳዩን።

በሕይወት አለ። ይህን ሰምቼ ልቤ ሊያርፍ ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ፍርሃት ይዞ ተነሳ። ምን ነገር? በሠርጉ ዋዜማ አንድን ሰው ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ምን አድርጎ ነው? ሌላ ሚስት? ልጅ? ለሌላ ሴት የሰጠው ቃል? "ይህን ቃል መሸከም ባልችልስ" ማለቱ ይህ ይሆን? በላይኛው መሻገሪያ ድንጋይ በድንጋይ እየረገጥን ተሻገርን። ጫማዎቹን አልጣልኳቸውም።

ሶንጎው ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ሴት ሳትጠራ ትግባ አትግባ አላውቅም ነበር፤ ቡናው መሃል ቆምኩ። ሦስት ሽማግሌዎች በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ታሪኩ፣ በባዶ እግሩ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እጁ ላይ ወረቀት አለ። አንዱ ሽማግሌ በጌዴኦ ቋንቋ ይጠይቁታል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እንደገና ይጠይቁታል፤ እንደገና ይነቀንቃል።

ቋንቋውን የማልችል ብሆንም ያን አነቃነቅ አውቀዋለሁ። ታሪኩ አንድን ነገር እምቢ ካለ እንዲህ ነው የሚነቀንቀው። ጤነኛ ነው። ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም፤ ከቡናው ወጥቼ ፊቱ ቆምኩና "እኔ እኮ ሞተሃል ብዬ ነበር" አልኩት። ቀኑን ሙሉ ያልመጣው እንባ መጣ። እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ።

ታሪኩ ተነሳ። ፊቱ አመድ መሰለ። መሃል የተቀመጡት ሽማግሌ ግን አልተንቀሳቀሱም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጫቸው የገባ ሰው ናቸው። እኔን አዩ፤ ያቀፍኩትን ጫማ አዩ፤ ከዚያ በበትራቸው ወደ እኔ እያሳዩ ታሪኩን በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ፣ እንዲህ አሉት።

"ይኸው። አንተ ገና አልተናገርክም። ቃሉ ፈርሷል።"

አባባ ሮባ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአባባ ሮባ ቤት፣ በሰው ፊት የማይታጠፍ ቃል የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ቃሉን ለታላቆቹ ያሰማል። እነሱም እያንዳንዱን ነገር እያነሱ "ይህን ትችላለህ?" ይሉታል። የማይችለውን ያስጥሉታል። ታሪኩ ሳምንታት ሙሉ መጻፍ ያቃተው የሚጽፈው አጥቶ አይደለም፤ ሳያሰማ መናገር ፈርቶ ነው። ሐሙስ ማታ ጽፎ ጨረሰ፤ ዓርብ ጠዋት ይዞ ሄደ፤ ሞተሩ ጭቃው ላይ ሲንሸራተትበት፣ እሱ ሳይጎዳ፣ እንሰቱ መሃል ትቶት በእግሩ ወረደ። በሽማግሌ ፊት ስልክ አይከፈትም፤ ዘጋው። ሁሉንም ወዲያው አሳለፉለት፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረች፦ "በሕይወት ዘመኔ አላስለቅስሽም።" ይህን ጣል አሉት። አልጥልም አለ። እናቱ ከአባቱ ሞት በኋላ ስታለቅስ እያየ አድጓል፤ ገና ልጅ ሳለ ለሚስቱ ይህን እንደማያደርግ ለራሱ ምሏል። እነሱ ደግሞ ማንም ባል የማይችለውን ቃል ይዞ ከዚያ እንዲነሳ አልፈቀዱም። እሱ ሳይታዘዛቸው መነሳት አልቻለም። ቀኑ እንዲህ አለቀ።

እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ወንዝ ዳር ጫማ አቅፌ ነበር።

ልቆጣው አፌን ስከፍት አባባ ሮባ አጠገባቸው እንድቀመጥ አዘዙኝ። ተቀመጥኩ። አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙም አይለይም፤ ለእኔም "አንተ" እያሉ ነበር የሚያወሩኝ።

"አንተም ቃል ጽፈሃል?" አሉኝ።

ጽፌያለሁ አልኩ። አሰማ አሉኝ። ታሪኩ እንዳይሰማ ጆሮውን እንዲይዝ አዘዙት፤ ያዘ። ወረቀቱን ባልይዝም በቃሌ አውቀዋለሁ። ያን ያህል የኮራሁበትን አንድ ገጽ ተኩል ልጀምር ስል ጥቅሱም ምሳሌውም ጠፋብኝ። መዝጊያው ብቻ መጣልኝ። "የትም ብትሄድ እከተልሃለሁ፤ ከአንተ ጋር እስካለሁ ድረስ ምንም ነገር አልፈራም።"

አባባ ሮባ ያቀፍኩትን ጫማ በበትራቸው ነካ አደረጉ።

"ዛሬ ፈርተሃል?"

"ፈርቻለሁ፣ አባባ።"

"ነገስ ትፈራለህ?"

ወደ ቤቱ ሲዘገይ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ስልኩ ሲዘጋ፣ የምንወልደው ልጅ ሲያተኩሰው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። ሰው መውደድ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። ደስታው ሲወራ ሰምቻለሁ፤ ይህ ፍርሃት ግን አብሮ የሚሰጥ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

"ነገም እፈራለሁ" አልኩ።

"እንግዲያው ጣለው። የምትችለውን ተናገር።"

የምችለው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከዚያ ጭቃ የበላውን እግሬን፣ ጉልበቴ ላይ ያሉትን ጫማዎች አየሁ።

"ሲቀር እወጣና እፈልገዋለሁ" አልኩ።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ተያዩ። አባባ ሮባ በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። "ይህን ትችላለህ" አሉ። "አይተናል።"

ታሪኩ ጆሮውን ለቀቀ። ማንም ሳይጠይቀው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ። ጫማውን ከእጄ ሊወስድ ሞከረ፤ አልሰጠሁትም።

ሲመሽ ዲላ ገባን። እናቴ ታሪኩን ስታይ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። መጋቢ ኤልያስ ቤታችን ድረስ መጥቶ በየተራ አዳመጠን። የእኔን ሲሰማ "በቃ? ይኸው ነው?" አለ። ይኸው ነው አልኩት። ታሪኩን ካዳመጠ በኋላ ግን ዓይኑን እየጠረገ ወጣ፤ ምንም አልነገረኝም።

በማግስቱ ጉባኤው ፊት ቆምን። የእኔ ተራ ደረሰ። "እፈራለሁ" አልኩ። "ስትዘገይ ሁልጊዜ እፈራለሁ። ግን ፈርቼ ቤት አልቀመጥም። ስትቀር እወጣና እፈልግሃለሁ።" አክስቶቼ ተያዩ። ባልደረቦቼ ያን ያለቀሱበትን አንድ ገጽ ተኩል ይጠብቁ ነበር፤ ግራ ገባቸው። ያለቀሱት ከኋላ የተቀመጡት አባባ ሮባ ናቸው ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ፣ እሳቸው አላለቀሱም። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ ብቻ።

ታሪኩ ወረቀት አላወጣም። "ስሄድ የምሄድበትን እነግርሻለሁ" አለ። ከዚያ ቆመ። የጨረሰ መስሎን ነበር። "አላስለቅስሽም ማለት ፈልጌ ነበር" አለ ቀጥሎ። "አልችልም። ባስለቀስኩሽ ጊዜ ግን ፊቴን አላዞርም።"

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ልታገቡ ያላችሁ፣ በተለይም ወረቀት ላይ ጎበዝ የሆናችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ የጻፋችሁትን ቃል ሰው ሲያለቅስበት አይታችሁ አትመኑት። የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ፊት ተቀመጡና "ይህን ትችላለህ?" ይበላችሁ። ያልቻላችሁትን ጣሉት። ሲጣል ያማል፤ እኔም አሞኛል።

ቃሎቻችን ግን ቀልለው አልቀሩም። የመጀመሪያ ልጃችንን ሳንታቀፈው ያጣን ጊዜ፣ በራሴ ላይም በእሱም ላይም እየጮኽኩ ባለቀስኩባቸው ሳምንታት፣ ታሪኩ የሚለው ነገር አልነበረውም። እሱ ዝም ይላል፤ ታውቁታላችሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ያየኝ ነበር። አንድም ቀን ወደ ግድግዳው አልዞረም። ሶንጎው ላይ የጣለውን ዓረፍተ ነገር ሳይጥለው ቢቀር ኖሮ በዚያን ጊዜ ምን እንደምንሆን አላውቅም።

እሱ ሲሄድ ይነግረኛል። ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ኮንጋ፣ በየደረሰበት ይደውላል፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል። አንዳንዴ ግን ኔትዎርክ ይጠፋል፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ያቺ ሴትዮ "ሊያገኙ አልቻሉም" ትለኛለች። ያኔ እንደ መጀመሪያው ቀን እፈራለሁ። ፍርሃቱ አልቀነሰም። ትንሽ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ የእናቴን የዝናብ ካፖርት ከግድግዳው አወርድና ጫማዬን አጠልቄ እወጣለሁ።